ከጎህ በፊት የሚቆም ብርሃን

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ምድርን በመታ ሰሞን ፌስቡኩ ሁሉ በአረንጓዴና በሐምራዊ ሰማይ ተሞልቶ ነበር። እንዲያ ያለ ማዕበል ለ20 ዓመት ያህል አልታየም ነበር፤ የሰሜን ብርሃን ሜክሲኮ ድረስ ወርዶ ታየ። ሰማይ ማየት እንደምወድ የሚያውቁ የድሬዳዋ ልጆችም «ሽንሌ ሜዳ ብንወጣ አናገኘውም?» ይሉኝ ጀመር።

አናገኘውም። የፀሐይ ነፋስ የሚያጣድፋቸው ቅንጣቶች የመግነጢስ መስመሮችን ተከትለው ወደ ከባቢ አየር የሚወርዱት በዋልታዎቹ ዙሪያ ነው። ኢትዮጵያ ግን ያለችው የመግነጢስ ወገብ ላይ ስለሆነ መስመሮቹ እኛ ዘንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለን፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ለአሥርተ ዓመታት ሲመዘግበው ኖሯል። እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም።

የድሬ ሰማይ የራሱ ብርሃን አለው። ለሱብሒ የሚነሱ አባቶች ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፦ ፈጅር ካዚብ፣ ሐሰተኛው ጎህ። ጾመኛው ከእውነተኛው ጎህ ጋር እንዳያምታታው የተነገረለት፣ እንደ ተኩላ ጅራት ሽቅብ የቆመ ብርሃን ነው። ምንጩ በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ ሲሆን የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ይታያል። የክዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በ1970ዎቹ አቋርጦት እ.ኤ.አ. በ2007 የጨረሰው የዶክትሬት ጥናት በዚሁ አቧራ ላይ ነበር። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ብርሃኑ እዚህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አውሮፓ ያለ ሰው ግን ወቅት ጠብቆ ነው የሚያገኘው።

ሙያው ያለው ቀን መምረጡ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጨለማ ሲያስብ የጨረቃን ወር መጨረሻ ይመርጣል። ለማለዳ ጠባቂ ይህ አይሆንም፤ ያኔ ስሷ ጨረቃ ከጎህ በፊት በምሥራቅ ወጥታ ብርሃኑ መሐል ትቆምበታለች። በሒጅራ አቆጣጠር ከወሩ መግቢያ እስከ አሥረኛው ቀን ያሉት ሌሊቶች ይሻላሉ፤ ጨረቃዋ ቀድማ ትጠልቃለች። ከወራቱ ጥቅምትንና ኅዳርን የሚያህል የለም፤ ዝናቡ አልፏል።

ቀጥሎ ከተማውን ከኋላ ማድረግ ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው መልካ ጀብዱ ሄዶ ወደ ምሥራቅ ማየት የድሬን መብራት ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። እኔ በጀልዴሳ አቅጣጫ መውጣትን እመርጣለሁ። የአካባቢውን ሰው ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በሌሊት ሜዳ ላይ ቆሞ ሰማይ የሚያይ እንግዳ ማንንም ያጠራጥራል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ቦታችሁን ያዙ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንዴ ስልክ ከፍቶ ማየት ሁሉን እንደገና ያስጀምራል። ከባድ መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ሲመጣ እኔ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ ያ ዓይን ይጠቅመኛል። ብርሃኑንም ትክ ብላችሁ አትዩት፤ ትንሽ ወደ ጎን ስታዩ ይጎላል።

የከተማ ብርሃን አድማሱ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ሐሰተኛው ጎህ ግን ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ከፍ ይላል። 11 ሰዓት ሲቃረብ እውነተኛው ጎህ በአግድም ተዘርግቶ ይውጠዋል። ቀለም የለውም፤ ፈዛዛ ነጭ ነው። ስልክ ላይ አረንጓዴ ሰማይ ያየ ወጣት መጀመሪያ ቅር ይለዋል። እኔ ግን የማደንቀው ይህን ነው፤ ካሜራ ሳያጋንነው በገዛ ዓይን የሚታይ ነውና።

ከተማው ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር ሆኖ ይህን ብርሃን ማየት አይቻልም። አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የመንገድ መብራት እየበዛ ነው። መብራት አልጠላም፤ ማታ የሚገባ ሰው መንገዱ ሊበራለት ይገባል። መብራት ለሚተክሉ ባለሙያዎችና ለሆቴል ባለቤቶች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ አምፖሉን ከላይ ክደኑት፣ ወደ ታች ብቻ ያብራ። ሽቅብ ለሚባክነው ብርሃንም ቆጣሪው ይቆጥራል።