የተሰደደች ሴት ዘር ሲቆጠር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የቤተሰቡን ሐረግ መቁጠር የጀመረ ወጣት "የቅድመ አያቴን አባት ስም የሚያውቅ ሰው አጣሁ፤ እንግዲህ ልተወው?" ሲል ጠየቀኝ። እንዳይተወው ነገርኩት። ቅድመ አያቱ ከአገሯ የተሰደደች ናት፤ የተሰደደች ሴት ዘር ደግሞ የሚቆጠረው በመንገዷ ነው። በዚህ ነገር ከዘር ቆጣሪ ባልደረቦቼ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። እነሱ መጀመሪያ ስም ይላሉ፤ ስሙ ሲጠፋ ደግሞ የምራቅ (ዲኤንኤ) ምርመራ። ምርመራው ዛሬ በሕይወት ያለ የሥጋ ዘመድ ያገኝ ይሆናል፤ ሴትዮዋ በየት በኩል እንደመጣችና ማን እንዳመጣት ግን አይነግረንም።

ለወጣቱ የፍሎረንስ ቤከርን ነገር አጫወትኩት። እንግሊዝ አገር ሌዲ ቤከር ተብላ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1916 ያረፈችው ይህች ሴት ለእንግሊዝ ባዕድ ነበረች፤ የተወለደችው ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችው ትራንሲልቫኒያ እንደሆነ ይታመናል። የልጅነት ስሟን ግን አንዱ ጸሐፊ ባርባራ፣ ሌላው ማሪያ፣ ሌላው ፍሎሪካ ይላል። በስሟ ተነሥቶ የሚፈልጋት ሰው እዚያው ሲዳክር ይከርማል። መንገዷ ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ቪዲን፣ በኦቶማኖች ግዛት፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር አገኛት፤ ከባሪያ ጨረታ እንዳወጣት ይነገራል። በ1861 ካይሮ ገቡ፤ ከዚያ በርበር፣ አትባራ፣ ከሰላ። ክረምቱን ያሳለፉት በአትባራ ዳር፣ ሶፊ በምትባል መንደር ነው፤ ቦታው ዛሬ የገዳሪፍ ግዛት ነው። በ1862 መተማ ደረሱ። ለንደን ላይ በሥርዓት የተጋቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1865 ነው። ባልየው በ1867 ባሳተመው የአትባራ ጉዞ መጽሐፉ የሚስቱን አመጣጥ አያነሳም። እኔ ዘሯን ብፈልግ ግን ሶፊ ላይ እቆም ነበር። እዚያ ፍሎሪያን የሚባል ጀርመናዊ ግንበኛ ይኖር ነበር፤ እሷም ጀርመንኛ ትችላለች። ዘር ቆጣሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ በመንገድ ያገኛትን፣ በቋንቋዋ ሊያናግራት የሚችለውን።

ፍሎረንስ ባለፈችበት መተማ በኩል ስንት የሐበሻ ሴት ወደ ሱዳን ወረደች? ገበያው የቡናና የሰም ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች (ደርቡሾች) ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደርን ሲያቃጥል የተማረኩት ሴቶችና ልጆች በዚያው አቅጣጫ ተነዱ። አዲስ ስም ወጣላቸው፤ ልጆቻቸውም በአባት ወገን ብቻ ተቆጠሩ። በጎንደርና በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይጠየቅ ስለነበር አያቶቻችን የሴቶቹን ስም እስከ መሬቱ አቅኚ ድረስ ይዘው ይቆጥሩ ነበር። ገዳሪፍ ላይ በተማረከች ሴት በኩል ርስት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ስሟን ይዞ የቆየላት የለም።

ከወጣቱ አያት ጋር ቡና እየጠጣን የእናታቸውን ስም አልጠየቅኋቸውም። "ምን ምን ቀን አትበላም ነበር?" አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና "ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም አትቀምስም፤ ሆዷን ያማታል ይሉ ነበር" አሉኝ። ቀጥለውም ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት እንደነበራትና ሰው ሲመጣ ቶቧን ዝቅ አድርጋ እንደምትሸፍነው ነገሩኝ። ሴትዮዋ ክርስቲያን ሆና አድጋለች፤ ጾሟንም አልተወችም። ሌላው ጥያቄዬ ከእሷ ጋር በአንድ ጉዞ የመጡት እነማን እንደነበሩ ነው። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

እኔም በአባቴ በኩል ሰባት ቤት ሳልደናቀፍ እቆጥራለሁ፤ በእናቴ እናት በኩል ግን ሁለት ላይ ስደርስ ይቋረጥብኝ ነበር። ከአርማጭሆ እስከ መተማ ያለፈችባቸውን ሰፈሮች አንድ በአንድ እየጠየቅኩ ወጣሁ፤ በመጨረሻ ደብሯን አገኘሁላት። የአባቷን ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ቢሆንም ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አገር አለኝ፤ ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

መተማ፣ ገዳሪፍ፣ ከሰላ ያላችሁ፣ ያረጁ እናቶች በቤታችሁ ካሉ ክረምቱ ሳይገባ ጠይቋቸው። ተሰዳ የመጣችው ሴት የት አደረች፣ ከማን ጋር መጣች፣ ምን ትጾም ነበር በሏቸው፤ የሚሏችሁንም በራሳቸው አነጋገር ጻፉት።