ነፍሰ ገዳይ ስለሚፈለግበት ጨዋታና ስለ ብዙ ፍጻሜው

ወጣቶች ዛሬ በስልካቸውና በኮምፒውተር ከሚጫወቱት ጨዋታ አንዱ ወገን እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው። ሥዕል ይታያል፤ ከሥዕሉ ሥር ጽሕፈት ይወጣል፤ ጽሕፈቱም ካንድ ስፍራ ሲደርስ ቆሞ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አንባቢው በመረጠው መንገድ ታሪኩ ይሄዳል። ፈረንጆች ቪዡዋል ኖቭል ይሉታል፤ እኛ ባለሥዕል ልብ ወለድ ብንለው አይከፋም። ብዙው የሚሠራው በጃፓን አገር ሲሆን፣ እዚህ የምናገረው ነፍሰ ገዳይ ስለሚፈለግበትና ፍጻሜው ብዙ ስለ ሆነው ዐይነት ነው። አንዳንድ ወላጆች ነገሩን ሁሉ «የሥራ ፈት ጨዋታ» ብለው ባንድ ቃል ይዘጉታል። እኔ ግን ያላነበቡትን መንቀፍ ለመምህር አይገባም ብዬ፣ ገሳይ ላይ መብራት በሚኖርበት ማታ ከእኅቴ የልጅ ልጅ ጋራ ተቀምጬ አየሁት። እንግሊዝኛውን እኔ አነባለሁ፤ መነካካቱን እርሱ ያውቃል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ እቆጥራለሁ) ዩጂ ሆሪ የተባለ ጃፓናዊ «የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ» የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። የአበዳሪ ድርጅት ባለቤት በተቈለፈ ክፍል ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ተጫዋቹ መርማሪ ነው፤ ያሱ የሚባል ረዳትም አለው። ምስጢር ማውጣት ነውር እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ከ40 ዓመት በላይ ስላለፈው ይፈቀድልኝ። ገዳዩ ያሱ ራሱ ነው። ተጫዋቹ በር ሲያስከፍተው፣ ሰው ሲያስጠራው፣ ዕቃ ሲያስፈትሸው የነበረው ሰው! ይህ ብልኅ አሳብ ነው፤ ዐይን ሩቅ ሲያይ አጠገቡ ያለውን ይስታልና።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን በ1994 ቹንሶፍት የተባለ ኩባንያ ያወጣው «ካማይታቺ ኖ ዮሩ» ነው። ጽሑፉን የጻፈው አቢኮ ታኬማሩ የተባለ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነው። በበረዶ በተከበበ የእንግዳ ማረፊያ የተሰበሰቡ ሰዎች መካከል ሰው ይገደላል። መውጫ የለም። ተጫዋቹ ገዳዩን በጊዜው ለይቶ በስሙ ካልጠራ ሌሎቹም እየተራ ይሞታሉ። ሰዎቹ ደግሞ መልክ የላቸውም፤ ሁሉም እንደ ሰማያዊ ጥላ ሁነው ተሥለዋል። ሠዓሊው የሰነፈ መስሎኝ ነበር፤ ቈይቼ ሳስበው ግን ትልቅ ፍርድ ሁኖ አገኘሁት። «ይኸ ሰውዬ ፊቱ የሌባ ነው» ማለት የለመደ ሰው እዚያ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የግድ ቃላቸውን ይመረምራል።

ለእኛ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዐት ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣም ወደ ቤቱ አይመለስም። በበረዶ ሳይሆን በመሐላ ተከበበ ማለት ነው። ያየ ሰው በአደባባይ ለመናገር ቢፈራ ለተመረጡት ሽማግሎች በምስጢር ይነግራል፤ ይህም ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳውን ያገሩ ሰው ተካፍሎ ይከፍላል። እንግዲህ አስቡት፤ ዝም ያለም ይከፍላል፣ የዋሸም ያስከፍላል። ሌባ ሻይ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበረ። መድኀኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዛል። ማስረጃ የለም፤ ጥያቄ የለም። በመንግሥት ትእዛዝ መከልከሉ መልካም ሆነ።

አሁን ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። የእኅቴ የልጅ ልጅ «የገዳዩ ስም ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ጨዋታውን ባለበት አስቀመጠው፤ ሴቭ አደረግሁት ይለዋል። ከዚያ አንዱን ስም ጻፈ፤ አልሆነም፤ ሰዎች ሞቱ። ተመልሶ ሌላውን ጻፈ። አሁንም ሞቱ። እንዲህ እያለ የማረፊያውን እንግዶች በሐሰት ከከሰሰ በኋላ ገዳዩን «አገኘሁት!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። «በምን ዐወቅህ?» አልሁት። «የቀረው እሱ ነዋ፣ አያ» አለኝ። ይህ ልጅ ሌባ ሻይ ጠጥቶ ወደቀ እንጂ አልመረመረም።

ነገሩን ያጠበቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ከተማሪዎች የተሰበሰበ ገንዘብ ጠፋ። የክፍሉ ልጆች ተጠይቀው የአንድ ድኻ ልጅ ስም ጠሩ፤ ጫማ ስላልነበረው ነው፤ ሌላ ምስክር አልነበረም። ልጁ ተባረረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ከመዝገብ ቤቱ ሣጥን ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ። ሰው ተላከበት፤ እርሱ ግን ወደ ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዷል ተባለ። እናቱ ደብተሩን በከረጢት አድርጋ ለትምህርት ቤቱ መለሰችው። ለዚያ ልጅ ሴቭ የተደረገ ስፍራ አልነበረውም።

ስለዚህ ብዙ ፍጻሜ ያለው ጨዋታ ሁሉ ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። በ2009 ኡቺኮሺ ኮታሮ የጻፈው፣ ዘጠኝ ሰዎች በመርከብ ውስጥ ተዘግተው ዘጠኝ ሰዓት የሚሰጣቸው ጨዋታ አለ። ፍጻሜው 6 ነው፤ እውነተኛው የሚከፈተው ግን ከሌሎቹ አንዱን የተወሰነውን ቀድሞ ላየ ብቻ ነው። እዚያ የተሳሳተው መንገድ አይጣልም፤ ዕውቀቱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ይህን ደራሲ አከብረዋለሁ። በ2001 የወጣው ኤስ አተርኒ ደግሞ ተጫዋቹን ጠበቃ አድርጎ ምስክር ያስጠይቀዋል፤ ከቃሉ ጋራ የሚጋጭ ማስረጃ ሳይዝ ቢነሣ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ሲበዛም ደንበኛው ይፈረድበታል። ይህ የእኛን ተጠየቅ፣ ያንን በላ ልበልሃ እየተባለ ከዛፍ ሥር ይሟገቱበት የነበረውን ሙግት ያስታውሰኛል። እርግጥ እዚያም ሴቭ አለ፤ ቢሆንም መላ ምትን ያስከፍላል።

አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ኩኩሉ የሚባል የዶሮ ጨዋታ ሠርቷል። ዶሮይቱ ትሸሻለች፤ ልጆቹም ይሥቃሉ፤ ደግ ነው። ኩኩሉን የሠራ እጅ አውጫጭኝን መሥራት አያቅተውም። ተጫዋቹ ወፍ ይሁን፤ ለሽማግሎቹ አንድ ስም ብቻ ይንገር፤ ወደ ኋላ መመለስ አይኑር። ፍጻሜው አምስትም ስድስትም ይሁን። በያንዳንዱ ፍጻሜ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስሙን የጠራው ሰው በመንገድ ያግኘውና «እንዴት አደርህ?» ይበለው፤ ተጫዋቹም መልሱን ይጻፍ።