መጀመሪያ እግሩን እዩ

አንድ ወጣት ማታ ማታ ከሥራ መልስ ለወራት የደከመበትን የሠላሳ ሰከንድ አኒሜሽን ለጓደኞቹ ያሳያል። ካራክተሩ ጀምበር ስትጠልቅ አስፋልት ላይ ይራመዳል። የቆዳ ጃኬቱ ያብለጨልጫል፤ ፀጉሩን ነፋስ ያነሳዋል፤ ከጫማው ሥር አቧራ ቡን ይላል። እግሩ ግን መሬት አልያዘም። ተረከዙ አስፋልቱን ከነካ በኋላ ወደ ፊት ይሸሻል። ጓደኞቹም «ዋው! እሳት ነው! ፒክሳር ምን ቀረህ?» ብለው ያጨበጭባሉ። ልጁ ደስ ብሎት ይሄድና ቀጣዩን ሥራውንም እግር እያንሸራተተ ይሠራል። ይህን ባየሁ ቁጥር እበግናለሁ። የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ያጨበጨቡለት ሰዎች ጥፋት ነው።

መሠረታዊውን ነገር እዚህ አልደግመውም። አሥራ ሁለቱን የአኒሜሽን መርሆዎች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አስፍረዋቸዋል፤ ጆን ላሴተርም በ1987 በኮምፒውተር ሥራ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ጽፏል። በሰከንድ 24 ፍሬም እንደሚያልፍ፣ የምትነጥር ኳስ እንዴት እንደምትጨመቅ የማያውቅ ሰው አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ይማር። ስለ መብራት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ቴክስቸር የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ እግር ነው።

እግር የሚንሸራተተው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለካራክተሩ ባለበት ሆኖ የሚረግጥ ዎክ ሳይክል ይሠራለታል፤ ከዚያ መላ አካሉ በሌላ ኪፍሬም ወደ ፊት ይገፋል። ሁለት እርምጃውን በ24 ፍሬም የሚጨርስ ሰው፣ ሁለቱ እርምጃዎች ተደምረው 1.44 ሜትር ከሆኑ፣ በየፍሬሙ 6 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። 5 ከሄደ የረገጠው እግር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ 7 ከሄደ ወደ ፊት። በዓይን ግምት የሚገፋ ሁሉ ይስታል፤ ስለዚህ እርምጃው ይለካ፣ ይካፈል።

ሁለተኛው ምክንያት ስውር ነው፤ ጎበዝ የሚባሉትም የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው። የአኒሜሽን ሶፍትዌሩ ብሌንደር ሁለት ኪፍሬም ሲሰጡት መሐሉን በራሱ ቤዚየር ከርቭ ይሞላዋል፦ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ለሚወዛወዝ ክንድ ያምራል። መሬት የረገጠ እግር ላይ ግን ሰውነቱ በእኩል ፍጥነት እየተጓዘ እግሩ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይፈጥናል፤ ያ ልዩነት ነው ስክሪኑ ላይ መንሸራተት ሆኖ የሚታየው። ግራፍ ኤዲተሩ ይከፈት። ባለበት በሚረግጠው ሳይክል ላይ፣ ተረከዝ ካረፈበት ጣት እስከሚነሳበት ድረስ ያለው መስመር እንደ ገመድ የተወጠረ ቀጥ ያለ ይሁን። እግሩ በአይኬ፣ ማለትም የእግሩን ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አስይዞ ጉልበቱን በሚያስከትለው ስልት፣ መሬት ላይ የተተከለ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሁን፤ በሁለት እኩል ኪፍሬሞች መሐል ትንሽም ካበጠ እግሩ ተንሸራትቷል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሶፍትዌሩን የማታውቁ ተመልካቾችም ብትሆኑ ይህን መያዝ ትችላላችሁ። ካሜራው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተረከዙ ባረፈበት ፍሬም ላይ አቁሙና ተረከዙ ሥር ስክሪኑ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፤ ከዚያ አንድ አንድ ፍሬም እያሳለፋችሁ እዩ። ተረከዙ ከመሬት ሳይነሳ ከፕላስተሩ ከራቀ አለቀ። ካሜራው የሚንቀሳቀስ ከሆነ የንጣፉን መገጣጠሚያ ወይም የአስፋልቱን ስንጥቅ ምልክት አድርጉ። ምንም ምልክት የሌለው ለስላሳ ወለል መርጦ የሠራን ሰው እኔ እጠረጥረዋለሁ።

ይህን ያስተማሩኝ ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ በእርሳስና በወረቀት ስዕል ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ሥራችንን ይዘንላቸው ስንሄድ ደብተራቸውን አንስተው የስክሪኑን የላይኛውን ግማሽ ይሸፍኑታል። ፊት የለም፣ ፀጉር የለም፣ የፀሐይ ብርሃን የለም፤ ከጉልበት በታች ብቻ። «ይኼ ሰውዬ ስንት ኪሎ ነው?» ይላሉ። መልስ ካጣን ሥራው ይመለሳል። እግሩ ከያዘ ደግሞ ደብተሩን አንስተው «እስቲ አሁን መልኩን አሳየኝ» ይላሉ፤ ከሳቸው ያንን መስማት ለኛ ትልቅ ሙገሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወስደውን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ሲራመዱ አሳዩን። ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ሳይዘረጉ፣ በአጭር በአጭሩ ይረግጣሉ። አንዱ እግር ከመነሳቱ በፊት ዳሌያቸው በቆመው እግር ላይ ይሄዳል። «ሸክሙ የታለ? ጀርባቸው ላይ አትፈልጉት፤ ዳሌያቸው ላይ ፈልጉት» አሉን ጋሼ። ዛሬም የማንንም ሥራ ሳይ ዳሌው ሳይሄድ እግሩ ከተነሳ ቀሪውን አላየውም።

ክብደት ያለ ፊትም እንደሚታይ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን ሉክሶ ጁኒየር የተባለውን አጭር አኒሜሽን ተመልከቱ። ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች ናቸው፤ ዓይንም አፍም የላቸውም። ትንሹ መብራት ከመዝለሉ በፊት ያጎነብሳል፤ መቀመጫው ወለሉን ሲመታ ክብደቱ ይታወቃል። ሙሉ በሙሉ በብሌንደር የተሠራው ፍሎው የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ሲያሸንፍም በየቦታው የተወራው ስለ ነፃ ሶፍትዌሩ ነበር። ድመቷ ዘላ ስታርፍ የፊት እግሮቿ ሰውነቷን እንዴት እንደሚቀበሉ ያነሳልኝ ሰው አላገኘሁም።

እንግዲህ አስተያየት የምትሰጡ ሁሉ፦ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፤ ሙዚቃ የእግርን ጥፋት ይሸፍናል። እግሩ በሚንሸራተት ሥራ ላይ ስለ መብራቱ አይወራም። ለጀማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ጥፋት ብቻ ንገሩ፤ አሥር ጥፋት የተነገረው ልጅ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይተኛል። ፋይሉን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አታስተካክሉለት። ስታደንቁም በፍሬም ቁጥር አድንቁ፦ «62ኛው ፍሬም ላይ ዳሌው ክብደቱን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ግራ እግሩ የተነሳው፤ እዚህ ጋ ትክክል ነህ» በሉት። ልጁ ምን እንደሠራ ያውቃል፣ ነገም ይደግመዋል። «በርታ» ማለት ደግ ነው፤ በምን እንደሚበረታ ካልነገራችሁት ግን ባዶ እጁን ነው የሸኛችሁት።

ጭቃ ላይ፣ የታጠበ ሴራሚክ ላይ ሰው ይንሸራተታል፤ ይህ የተፈቀደ ነው። ያኔ ግን ክንዶቹ ይበተናሉ፣ ትከሻው ይደነግጣል፣ ሌላው እግር ሚዛን ፍለጋ ይሮጣል። ሰውነቱ ካልደነገጠ የተንሸራተተው ካራክተሩ ሳይሆን ከርቩ ነው። ሕጉ ለእጅም ይሠራል። ጠረጴዛ የተደገፈ መዳፍ መዋኘት የለበትም፤ ቡና የምትቀዳዋ ሴት ጣቶችም በጀበናው እጀታ ላይ መንሸራተት የለባቸውም፣ ጀበናው ሲዘነበል አንጓዋ አብሮ ይዞር።

ሥራችሁን ልታሳዩኝ ስትመጡ ያማረውን ሬንደር ለበኋላ አቆዩት። መብራትና ቴክስቸር የሌለበትን ግራጫውን የቪውፖርት ቪዲዮ፣ የፍሬም ቁጥሩ ጥግ ላይ እየታየ፣ ያለ ሙዚቃ ይዛችሁ ኑ።