የማያተርፈው ሱቅ

ስደተኛን ደግፈን ስንከራከር ወደ ቁጥር እንሮጣለን፦ ስንት ግብር ከፈለ፣ ስንት ሰው ቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዲናው መንግስቱ ልብወለድ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ከቀይ ሽብር ሸሽቶ ዋሽንግተን የገባው ሴፋ ሱቁ አያተርፍም። ሆኖም ሱቁ ውስጥ ከጎረቤቱ ልጅ ከናኦሚ ጋር «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ሲያነብ የሰፈሩ ሰው አይደለም የሚለው ማን ነው? ከሁለቱ አፍሪካዊ ጓደኞቹ ጋር የሚጫወቱት የመፈንቅለ መንግሥት ጨዋታ ትንሽ ይረዝምብኛል፤ ሳቃቸው ውስጥ ያለውን ምሬት ግን አውቀዋለሁ።

እኔ የገሱባ ልጅ ነኝ። ኢንጂነሪንግ ያስተማረኝ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተው ታላቅ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያ የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስለ ዕቃው አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ስልኩን እስኪያነሳ ብቻ ነው የጠበቀችው።