ስለ «ድፍረት» ፊልም፤ ታሪኩ የማን ነው?

ደፈረ የሚለው ቃል በግእዝም በአማርኛም ይነገራል፤ በአማርኛ ግን ምሥጢሩ ሁለት ነው። አንደኛው ጨክኖ መነሣት፥ ጀግንነት ነው፤ ሁለተኛው የሰውን ክብር ያለ ፈቃዱ መግፈፍ ነው። ባለቅኔ እንዲህ ያለውን ቃል ባገኘ ጊዜ ኅብር ይለዋል፤ በአንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይቋጥርበታል። አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ለታየው ፊልማቸው «ድፍረት» የሚል ስም ሲሰጡ፥ በልጅቱ ላይ የወረደው መደፈር ሰም፥ የልጅቱና የጠበቃዋ ጀግንነት ወርቅ ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙን በቅኔ ሚዛን ብንመዝነው ስሙ ራሱ ያቀረበልንን ሚዛን ያዝን እንጂ ባዕድ ሚዛን አላመጣንበትም።

ነገሩ የሆነው በአርሲ ደጋ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ከተደፈረች በኋላ ልታመልጥ ስትሸሽ ጠላፊው ቢደርስባት፥ በያዘችው በእርሱው ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያም በተከሰሰች ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ቢያገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶለት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በጸናው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ፊልሙ ይህን ታሪክ ይዞ ሲነሣ ምስጋና የሚገባው ነገር አለው። በአገራችን ሲኒማ ሴት ብዙ ጊዜ የምትታየው ወይ ስትፈቀር ወይ ስታለቅስ ነው፤ በዚህ ግን ሴት ሕግ ጠቅሳ ትሟገታለች። ሜሮን ጌትነት የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ጠባይ ይዛ ስትጫወት ሳትጮኽ ታሳምናለች፤ ትዝታ ሐገሬም በልጅቱ ቦታ ሆና ብዙ ሳትናገር ብዙ ታስረዳለች። ከመጋረጃው በስተጀርባም ሴቶች አሉ፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ ምሕረት ማንደፍሮ ናት፥ ሥዕሉን ያነሣችውም ፖላንዳዊቱ ሞኒካ ሌንቼቭስካ ናት። በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት ማግኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ጉድለት እናይበታለን። አንደኛው፥ አርሲን ከሩቅ ማየቱ ነው። በአርሲ ደጋ አብዛኛው ሕዝብ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ሲሆን ፊልሙ ግን በአማርኛ ይናገራል። ደግሞም የአገሩን ሸንጎ የወንዶች ሽማግሌዎች ብቻ አድርጎ ሲያሳይ፥ ለአርሲ ሴቶች ለሲንቄያቸው የሰጠውን ቦታ አላየንም። ሲንቄ እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጣት በትር ናት፤ ሴት በተበደለች ጊዜ ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፥ በደለኛውም እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። እርግጥ ሲንቄ ያገባች ሴት ማዕረግ ስለ ሆነች ላላገባች ተማሪ ትደርስላት ነበርን? ይህ ራሱ ታላቅ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ምሥጢሩ በጠለቀ ነበር። ሳይጠይቅ ስለ ቀረ ግን ተመልካቹ፥ ለገጠር ሴት ተቈርቋሪ ከአዲስ አበባ ብቻ የሚመጣላት ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። በፊልሙ የጠበቃዋ ስም መዓዛ እንደ ተባለ ሲቀር፥ የልጅቱ ስም ግን ኂሩት ተብሎ ተለወጠ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ፤ አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ አመልክታ ነበርና። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ስሟ የተለወጠው እንዳታፍር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እርሷ ቢ.ቢ.ሲ. በፈረንጆች 1999 ባሳየው ዘጋቢ ፊልም አስቀድማ በገዛ ራሷ ታሪኳን ተናግራ ነበር። ኀፍረቱም የጠላፊው እንጂ የእርሷ አይደለም።

በዚህ ነገር መጻሕፍት ሁለት ሴቶችን ያሳዩናል። በኦሪት ዘፍጥረት በ34ኛው ምዕራፍ ሴኬም ዲናን ደፈራት፤ ከዚያ በኋላ ሴኬም ይናገራል፥ አባቱ ኤሞር ይናገራል፥ ያዕቆብና ልጆቹም ይናገራሉ፤ ዲና ግን በምዕራፉ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በሶስና ታሪክ ግን በሐሰት የተከሰሰችው ሴት ድምፅዋን አሰምታ ወደ አምላክዋ ጮኸች። መርምሮ ያዳናት ዳንኤል ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ በዳኛው ስም ሳይሆን በእርሷ ስም ሶስና ተባለ። የጠበቃዋ ሥራ የዳንኤል ሥራ ነው፥ ክብርም ይገባዋል፤ ወይዘሮ መዓዛም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ይሁን እንጂ የዳንኤል ክብር የሶስናን ስም አላስጣለም።

ሴትን በመካከል አቆመ ለሚባል ፊልም መለኪያው በመጋረጃው ላይ ምን ያህል ጊዜ መታየቷ ብቻ አይደለም። ፈቃዷ ተጠይቋልን? ስሟስ በስፍራው አለን? ብሎ መመርመርም ይገባል። ፍትሐ ነገሥታችን ለጋብቻ የሁለቱን ፈቃድ እንዲሻ፥ ጠለፋም ክፉ የሆነው ሳይጠይቁ መውሰድ ስለ ሆነ፥ ጠለፋን የሚነቅፍ ሥራ በዚሁ ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር።

ዛሬ በአሰላም ሆነ በሌላው ከተማ ፊልም ለመሥራት የምትነሡ ወጣቶች ሆይ፥ «ድፍረት»ን እዩ፥ ከጥንካሬውም ተማሩ። የእናቶቻችሁንና የእኅቶቻችሁን ታሪክ ለመጻፍ ስትነሡ ግን ብዕር ከማንሣታችሁ አስቀድማችሁ ወደ ቤቷ ሂዱ፤ በምትናገርበት ቋንቋ አድምጧት፤ ብትፈቅድ ስሟን በፊልሙ መግቢያ አኑሩላት፥ ባትፈቅድም ተዉላት።