«ጥንካሬ» እና «ማጠናከር»፦ ስለ አንድ የትርጉም ረቂቅ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ጽሑፍን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይበልጥ የሚታለለው በለመደው ቃል ነው። እንግዳ ቃል ያስቆመዋል፣ መዝገበ ቃላትም ያስገልጠዋል፤ የለመደው ቃል ግን ሳይጠየቅ ያልፋል። በቅርቡ ለአስተያየት በቀረበልን አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ረቂቅ ውስጥ ያየነው ችግር ይኸው ነው። ረቂቁ የሚያስረዳው ተሠርተው የቆሙ የአርማታ ሕንፃዎች የመሬት መንቀጥቀጥን የመቋቋም አቅማቸው እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚሻሻል ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአማርኛ መዘጋጀቱ የሚያስመሰግን ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ ስምንተኛ ክፍሉን ለዚህ ጉዳይ ሰጥቷል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በሌላ ደንብ ተተክቷል። ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ብረቱን የሚያጥፈው ፌራዮና አርማታውን የሚሞላው ሠራተኛ ግን ትእዛዝ የሚቀበሉት በአማርኛ ነው። ስለዚህ የስያሜው ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ዓምዱ ውስጥ ይገባል።

የረቂቁ ዐቢይ ጉድለት «ጥንካሬ» የሚለውን ቃል ለሦስት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦች ማዋሉ ነው። አንደኛው፣ የሕንፃው አካል ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ የኃይል መጠን ነው። ሁለተኛው፣ ሲገፋ ቅርፁን ላለመለወጥ የሚያሳየው እንቢታ ነው። ሦስተኛው፣ ቅርፁ ከተለወጠ በኋላም ሳይሰበርና የተሸከመውን ሳይጥል የመቆየት ችሎታ ነው። የሸክላ ምጣድ ሁለተኛው ባሕርይ አለው፤ ሦስተኛው ግን የለውም፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ቶንዲኖ ግን ሲያጥፉት ይታጠፋል እንጂ እንደ ሸክላ አይሰበርም።

ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን አንድ የታወቀ ምሳሌ ያስረዳል። በየካቲት ወር 1971 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሳን ፈርናንዶ በደረሰው መንቀጥቀጥ፣ ገና አዲስ የነበረው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ክፉኛ ተጎዳ። በተራራቀ ስታፋ የታሰሩት ዓምዶች ተሰባበሩ። ጥምዝምዝ ብረት ተጠጋግቶ የተጠመጠመባቸው ዓምዶች ግን፣ ቢዘሙና የውጭ ሽፋናቸው ቢራገፍም፣ የላዩን ፎቅ ተሸክመው ቆዩ። ሕንፃው ኋላ ፈረሰ፤ ነገር ግን እነዚያ ዓምዶች በመንቀጥቀጡ ጊዜ ፎቆቹን በሰው ላይ አልጣሉም። ይህን ሁሉ በ«ጥንካሬ» የሚተረጉም ሰው፣ የምሳሌውን ትምህርት ለአንባቢ ሊያደርስ አይችልም።

ረቂቁ በአንድ ቦታ ሦስተኛውን ፅንሰ ሐሳብ «ተለጣጭነት» ብሎታል። ይህም አያስኬድም። ላስቲክ ይለጠጥና ወደ ቀድሞው ቅርፁ ይመለሳል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ሳይመለስም የሚጸና ነገር ነው።

«ማጠናከር» የሚለው ግስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በረቂቁ ርእስ ላይ ራሱ «የተጠናከረ ኮንክሪት ሕንፃን ማጠናከር» የሚል ሐረግ እናነባለን። ፊተኛው በውስጡ ብረት ያለበት ማለት ነው፤ ኋለኛው የቆመን ሕንፃ ማሻሻል ነው። ለፊተኛው ሕዝቡ ከጣሊያንኛ ወስዶ ያለመደው «አርማታ» አለ። መነሻው «የታጠቀ» ማለት ስለሆነ፣ ብረት የታጠቀውን ኮንክሪት በሚገባ ይገልጻል፤ መዝገበ ቃላት ሊነፍገው አይገባም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ግሱ የሥራውን ዓላማ መሸፈኑ ነው። «ቢሙን አጠናክር» የተባለ ሠራተኛ ብረት ይጨምራል። ቢሙ ከዓምዱ በላይ ከበረታ ግን፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ጉዳቱ ወደ ዓምዱ ይዞራል፤ ዓምድ ሲሰበር ደግሞ ፎቁ አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ አንዱን ክፍል ማጠናከር ጠቅላላውን ሕንፃ ሊያደክም ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ለመጀመሪያው ፅንሰ ሐሳብ «ብርታት»፣ ለሁለተኛው «ግትርነት»፣ ለሦስተኛው «ቻይነት» ይባል። በአማርኛ ቻይ ሰው የሚባለው ጉዳት የማይነካው አይደለም፤ ተነክቶም የማይወድቀው ነው። «መቻል» ከጭነት ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ለጭነት «መሸከም» ብቻ ቢሠራበት ግን ጥርጣሬው ይወገዳል። «ማጠናከር» የሚለውም በየሥራው ስም ይተካ፦ ዓምድን በአዲስ አርማታ «ማልበስ»፣ በካርቦን ጭረት ጨርቅ «መጠቅለል»፣ በዓምዶች መካከል የአርማታ ግድግዳ «ማቆም»። ግድግዳ ማቆም በይበልጥ ግትርነትንና ብርታትን ይጨምራል፤ መጠቅለል በይበልጥ ቻይነትን ይጨምራል። ስሙ ከተለየ ሠራተኛውም ምን እንደታዘዘና ለምን እንደታዘዘ ይረዳል።

«ቻይነት»ን ከሰው ጠባይ ወደ ብረትና ኮንክሪት ማሻገር ለጊዜው ለጆሮ ይከብድ ይሆናል። ስያሜው ተቀባይነት ማግኘቱን የሚያረጋግጠው ግን የእኛ ጆሮ አይደለም። ፌራዮው «እዚህ ላይ ስታፋ የምናቀራርበው ለቻይነቱ ነው» ብሎ ለረዳቱ ሲያስረዳ የተሰማ ዕለት፣ ቃሉ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።