የማንቸስተር ጓዳ

የፍሬድሪክ ኤንግልስን «የሠራተኛው መደብ ሁኔታ በእንግሊዝ» ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የደራሲው ልጅነት ነው። መጽሐፉ በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርመንኛ ሲታተም ሰውዬው ገና 24 ዓመቱ ነበር። በ1842 መጨረሻ ማንቸስተር የገባውም አብዮት ሊያስነሳ አይደለም፤ አባቱ በሽርክና በያዙት የክር ፋብሪካ ንግድ ሊለማመድ ነው። መቼም የከበርቴ ልጅ ከበርቴን ሲከስ ያምርበታል፤ ጓዳውን ያውቀዋላ!

እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ስለ መንገድ የጻፈው ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የሚወጡት አውራ ጎዳናዎች ግራ ቀኛቸው ሱቅ ነው። ዳር ላይ ቪላ ያለው ሀብታም በየቀኑ በዚያ ሲመላለስ፣ ደሃ ሳያይ ቢሮው ይገባል፤ ደሃ ሳያይ ቤቱ ይመለሳል። ከሱቆቹ ጀርባ ግን ሌላ ከተማ አለ። የሜድሎክ ወንዝ በሚታጠፍበት ጎድጓዳ ሥፍራ፣ ዙሪያውን ፋብሪካ ከብቧቸው፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ 200 ያህል ቤቶች ነበሩ፤ 4,000 ያህል ሰው ይኖርባቸዋል። እስቲ አካፍሉት፤ ለአንድ ቤት 20 ሰው! ሱቅ ጎዳና ዳር የሚከፈተው ለገበያ ሲባል መሆኑን ኤንግልስ አይስተውም፤ ከተማዋ ድህነቷን እንዲህ አሳምራ መሸሸጓ ግን ያጠራጥረዋል።

አንድ ቀን ከአንድ ከበርቴ ጋር ሲሄድ የሠራተኞቹን ሰፈር አስከፊነት ያጫውተዋል። ሰውዬው ጸጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማና፣ ከተማዋ የብዙ ትርፍ አገር መሆኗን አስታውሶት፣ በትሕትና ተሰናብቶት ይሄዳል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በልብ ወለድ ውስጥ ብዙ ከበርቴ አይቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን ጥቂት ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ጨዋ ነው።

በኋላ «የመደብ ትግል» የተባለው ሐሳብ ሥጋ የለበሰው እዚሁ ነው። መኪናው ሽማኔውን ከመንደሩ ነቅሎ ፋብሪካ ውስጥ ያጉረዋል፤ ያደቀዋል። ግን ከመሰሎቹ ጋር ስላገናኘው፣ ሰውየው ጉዳቱ የብቻው አለመሆኑን ያያል። ሁለቱ ወዳጆች፣ ማርክስና ኤንግልስ፣ በ1848 ባወጡት ማኒፌስቶም ይኸው ሐሳብ ይመለሳል፤ ኢንዱስትሪው ባላጋራውን ራሱ ያሳድጋል።

ድክመቱስ? ከመኪናው በፊት የነበረውን ሽማኔ የሚስልበት ቀለም በጣም ያሸበረቀ ነው፤ ጤነኛ፣ ጓሮ ያለው፣ የጊዜው ጌታ። ረሃቡና ዕዳው የት ሄደ? የባሰው ግን ስለ አየርላንድ ስደተኞች የጻፈው ነው። ቶማስ ካርላይልን ተከትሎ ቆሻሻና ሰካራም ያደርጋቸዋል፤ ያውም አየርላንዳዊቷ ሜሪ በርንስ የሕይወት ጓደኛው ሆና ሳለ! ሠራተኛው አንድ መደብ ነው ያለው ሰው፣ ከመደቡ ውስጥ የሚንቀው አላጣም።

ወደ እኛ አገር የመጣው ይህ ሁሉ አልነበረም። በደርግ ዘመን ተማሪ የነበርን ሰዎች በፖለቲካ ትምህርት «ከበርቴ»፣ «ንዑስ ከበርቴ»፣ «ላብ አደር» እያልን ሸመደድን። የሜድሎክ ቤቶች ከቃላቱ ጋር አልመጡም። ቃል ያየውን ትቶ ሲመጣ መፈረጃ ይሆናል፤ «ንዑስ ከበርቴ» የተባለው ሰው ስንት ልጅ እንደሚያሳድግ፣ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ስሙ ውስጥ አለቀ።

ኤንግልስ እንግሊዝ ውስጥ በቅርቡ አብዮት እንደሚፈነዳ ተንብዮ ነበር፤ አልፈነዳም። በ1847 በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችንና የወጣቶችን ሥራ በቀን 10 ሰዓት የሚወስን ሕግ ወጣ። እሱ ራሱም በ1850 ወደዚያው የክር ፋብሪካ ተመልሶ እስከ 1869 ሠራ፤ ከሚያገኘው እየቆረጠም ማርክስን አኖረ። «ካፒታል» የተጻፈው እንግዲህ በክር ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። በ1892 ለለንደኑ እትም መቅድም ሲጽፍ፣ ያ ትንቢት የወጣትነት ግለት እንደነበር አምኗል፤ ከመጽሐፉ ግን አልሰረዘውም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ሊያነብ የሚያስብ ካለ «ታላላቅ ከተሞች» ከሚለው ምዕራፍ ይጀምር። የአየርላንዶቹ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሜሪ በርንስን ያስታውስ።